ቀብር ልማር ወጥቼ

ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ ታሪኩን በጨለማ ይጀምራል። ውሻ ይጮኻል፤ ጨረቃ ደመና ውስጥ ትገባለች፤ እናት ድምጿን ውጣ ታለቅሳለች። እኔ እንዲያ አልወጣሁም። ከባሕር ዳር የወጣሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ ቀበሌው ራሱ ማኅተም የመታበትን የይለፍ ወረቀት ኪሴ ከትቼ ነው። ወረቀቱ «ለዘመድ ጥየቃ ወደ ጎርጎራ» ይላል። ጎርጎራ ዘመድ የለኝም። የቀበሌያችን ሊቀ መንበርም ይህን ያውቃል፤ ግን ወረቀት ላይ የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ስለነበረ፣ ከጻፈው በኋላ ዘመድ እንዳለኝ እሱም አመነ። «ሰላም በልልኝ» ብሎ ሸኘኝ።

ይህን የምጽፈው እዚያ ለቀራችሁት ነው። እንደ እኔ በሰው አገር የሰው ደረጃ ለምትጠርጉትም ነው፤ እናንተ ቶሎ ይገባችኋል።

አባቴ ዘጌ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ባንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። እኔን ዳዊት አስደግመው ዜማ አስጀምረውኝ ነበር፤ በኋላ ግን የአስኳላው ትምህርት ወሰደኝና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆንሁ። እዚያ ጋሽ ዲንሳን አገኘሁ። ጋሽ ዲንሳ ከወለጋ የመጡ የሽመና መኪና ጠጋኝ ናቸው፤ እጃቸው ሁልጊዜ ዘይት፣ ከንፈራቸው ሁልጊዜ ጸሎት። በእሳቸው በኩል ጴንጤ ሆንሁ። አባቴ ይህን የሰሙ ዕለት «እንግዲህ ወንድ ልጅ አልወለድሁም» አሉ፤ ከዚያም ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገሩኝም። በመካከላችን ወሬ የምታመላልሰው ስልክ ቤት የምትሠራው እኅቴ ውድነሽ ብቻ ነበረች።

ወደ ጎርጎራ የተሳፈርሁባት የጣና መርከብ ቡና ልትጭን ዘጌ ላይ ቆመች። ቀና ብል አባቴ ወደቡ ላይ ቆመዋል። እኔን ሊሸኙ አይደለም፤ መሄዴን ማን ነግሯቸው! ለቤተ ክርስቲያኑ የተላከ የጧፍ ካርቶን ሊቀበሉ ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን። ካርቶኑን ተቀብለው ብብታቸው ሥር ከያዙ በኋላ ወደ መርከቧ ጠርዝ ጠጋ አሉ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

«ጎርጎራ።»

«ምን አለ ጎርጎራ?»

«ዘመድ ልጠይቅ።»

ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «ጎርጎራ ዘመድ የለነም» አሉ።

መርከበኛው ገመዱን ፈታ። አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በቡናው መካከል ባለችው መንገድ ወደ ላይ ወጡ፤ አንድ ጊዜም ዞር አላሉም። እኔም አልተጣራሁም። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ስለ እምነቴ መከራ እየተቀበልሁ እንደሆነ ተሰምቶኝ ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ጅል ነበርሁ።

ከአገሬ የወጣሁት ቀብር ልማር ነው። አትሳቁ፤ ልንገራችሁ።

የጸሎት ቤታችንን ቀበሌው አሽጎ የስኳርና የጨው መሸጫ ሱቅ አድርጎታል። መጋቢያችን ታስሯል። የቀረነው አሥራ ሰባት ሰዎች በየቤታችን እየዞርን፣ ሬዲዮ ከፍ አድርገን በሬዲዮው ጩኸት ሥር እንጸልይ ነበር። የአብዮቱ መዝሙር ከላይ፣ የኛ «አሜን» ከታች። እንዲህ እያልን ሳለ የጋሽ ዲንሳ ሚስት እትዬ ጫልቱ በወባ ሞተች። ያን ጊዜ ነው ምን እንደጎደለን ያወቅነው። ደብሩ መናፍቅ አልቀብርም አለ። እድሩ ስማችንን ከሰረዘ ቆይቷል፤ ድንኳኑንም አግዳሚ ወንበሩንም ከለከለ። ከአምስት ሰው በላይ አብሮ ለመቆም ደግሞ የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጋሽ ዲንሳና እኔ ወደ ሊቀ መንበሩ ሄድን።

«ስንት ሰው ነው የሚሰበሰበው?» አለ።

«ስብሰባ አይደለም ጓድ ሊቀ መንበር፤ ቀብር ነው» አልሁት።

«ከአምስት በላይ ከሆነ ስብሰባ ነው። አጀንዳው ምንድን ነው?»

ጋሽ ዲንሳ ሚስታቸው ከሞተች ገና ግማሽ ቀን አልሞላትም። «መቅበር» አሉ።

ጻፈው። «ሁለተኛ አጀንዳ?»

«የለም።»

«ልዩ ልዩ?»

«ጓድ፣ መቅበር ብቻ ነው።»

እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ አዘነልን። «አንድ አጀንዳ ብቻ ያለው ስብሰባ አይተን አናውቅም። ሁለተኛ ጽዳት በሉ። ስትመለሱ መንገዱን ትጠርጋላችሁ። ማኅተሙን እንድመታላችሁ ብዬ ነው።»

እትዬ ጫልቱን ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ለእርሻ እንኳ የማይሆን ድንጋያማ መሬት ቆፍረን አወረድናት። ከዚያ ቆምን። ዝም ብለን ቆምን። እኛ መመስከር እናውቃለን፤ መጾም፣ ማልቀስ፣ በልሳን መጸለይ እናውቃለን፤ ሬሳ ፊት ምን እንደሚባል የሚያውቅ ግን ከመካከላችን አንድም ሰው የለም። ሁላችንም ያመንነው በወጣትነታችን ነው፤ ሰው ሞቶብን አያውቅም። መዝሙር ደግሞ ተከልክለናል፤ የቀበሌው ዘብ ጠመንጃውን ተደግፎ ያየናል። ጋሽ ዲንሳ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይትባረክ፣ አንተ የመሪጌታ ልጅ ነህ። ዳዊት ታውቃለህ። እስቲ በልላት።»

«ጋሼ፣ እሱኮ የወግ ጸሎት ነው» አልሁ። «ግእዙንም ማንም አይሰማው። እኛ ከዚያ ወጥተናል።»

እንዲህ ነው ያልሁት፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ። ጋሽ ዲንሳ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲያ የተሰማው የአካፋ ድምፅ ብቻ ነው። ስንመለስም መንገዱን ጠረግን፤ ሁለተኛ አጀንዳ ነዋ። ጋሽ ዲንሳም መጥረጊያ ይዘው ጠረጉ።

ከሳምንት በኋላ እቤታቸው ጠሩኝ። «ሰው ወደ ውጭ እንላክ ብለን ተመካክረናል» አሉ። «መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ገብቶ ተምሮ የሚመጣ። ሌላው ቢቀር ቀብሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል። እኔም ነገ ሟች ነኝ። አንተ ያለህን ካልፈለግኸው ሂድና የምትፈልገውን ተምረህ ና።» አሁን ሳስበው ስድብ ነው። ያን ጊዜ ግን ጥሪ ነው ብዬ ተቀበልሁት። «እመለሳለሁ ጋሼ፤ እርስዎን ሳልቀብር አልቀርም» አልኋቸው። ይህን ለሰው የሚናገር ምን ዓይነት ሰው ነው? እሳቸው ግን ከልባቸው ሳቁና መረቁኝ።

መንገዱን አላስረዝመውም፤ ብዙዎቻችሁ በእግራችሁ ታውቁታላችሁ። ከጎርጎራ ጭልጋ፣ ከጭልጋ መተማ፣ ከመተማ ወዲያ ያለው ሙቀትና እሾህ ነው። ሱዳን ውስጥ ኪስራ የሚባል፣ ታሞ የተነሣ እንጀራ የሚመስል ስስ ነገር በሉ አሉን፤ በላን። ካርቱም ስደተኛ የሚመዘግበው ሰውዬ «ከምን ሸሽተህ ነው?» አለኝ። «አልሸሸሁም፤ ልማር ነው የመጣሁት» አልሁ። «ምን ልትማር?» «ቀብር።» አስተርጓሚው የአገሬ ልጅ ነበር፤ ገልመጥ አድርጎኝ «በፖለቲካ ነው የወጣው ይላል» ብሎ ተረጎመልኝ። በዚያ ስደተኛ ሆንሁ። ካርቱም የነበሩ የጀርመን ሚሲዮን ሰዎች ደግሞ ጉዳዬን ሰምተው ጀርመን አገር ዘሚናር በሚሉት የወንጌል አገልጋዮች ትምህርት ቤት ቦታ አገኙልኝ።

የደረስሁበት ከተማ ኮረብታ ላይ ነው፤ ዙሪያው የፖም ዛፍ ነው። ዝናቡ እንደኛ ዝናብ ጮሆ፣ ወርዶ፣ ለፀሐይ ለቆ አይሄድም፤ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል። ዓርብ ዓርብ ዓሣ አለ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ሄድሁ። አራት ማዕዘን ነው። ራስ የለው፣ ጭራ የለው፣ እሾህ የለው! አምባዛ ሲገፈፍ እያየ ያደገ ሰው ፊት የተቆረጠ ሳሙና አቅርበው «ጉተን አፔቲት»፣ መልካም ምግብ፣ ይላሉ። ለሰላምታ አንዴ እጅህን ጨብጠው ይለቁሃል፤ እናትህ ደኅና ናት፣ ከብቱ ደኅና ነው የለም። ጨረስን ማለት ነው።

የዘሚናሩ ዲሬክተር ሄር ዶክተር ክላይን የመጀመሪያው ቀን አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሰጡኝ። «የትምህርታችን ዓላማዎች» ይላል። አምስት ናቸው። ቃሉን በጥልቀት የሚያውቅ፣ በጠባዩ የታነጸ፣ ምእመናንን ለመምራት የበቃ፣ ዘመኑን የሚመረምር፣ ባልንጀራውን የሚያገለግል ሰው ማፍራት። ሳነብበው ልቤ ቀዘቀዘ። ዓላማ ከአገሬ ተከትሎኝ መጣ ማለት ነው! ባሕር ዳርም የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም አምስት መስመር ተጽፎ ነበር፤ እኛ ከሥሩ ተቀምጠን እናንቀላፋ ነበር። የተጻፈውን መንቀፍ አይቻልም፤ ሁሉም ጥሩ ነው። አንድም ሰው ግን በዓላማ ተቀብሮ አያውቅም።

ትምህርቱ ተጀመረ። ዕብራይስጥ ቀለለኝ፤ ሰማዩም ሰማይ፣ ቤቱም ቤት፣ ደሙም ደም ነው፤ ግእዝ ለቀመሰ ሰው የአጎት ልጅ ማለት ነው። መምህሩ «ይህን ያህል ከየት አወቅኸው?» ሲለኝ «ከአባቴ» ለማለት አፈርሁ። «እንዲሁ ተሰጥኦ ነው» አልሁ። ስብከት የሚያስተምረን ሰው ደግሞ የሩጫ ሰዓት ይዞ ይቀመጣል። ስብከት አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው፤ ነጥቡ ሦስት ነው፤ አንድ ጊዜ ፈገግ ማሰኘት ይፈቀዳል። አባቴ በአሥራ ስምንት ደቂቃ ጉሮሯቸውን እንኳ ጠርገው አይጨርሱም። እኔ ግን ተማርሁት፤ ጎበዝ ሆንሁበት። ሃያኛው ሳምንት ላይ በአሥራ ሰባት ደቂቃ ተኩል መጨረስ ቻልሁና አጨበጨቡልኝ።

አንድ ቀን ዲሬክተሩን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው።

«ሄር ዶክተር፣ ቀብር መቼ ነው የምንማረው?»

«ምነው? ሰው ሞተብህ?»

«ገና ይሞትብኛል።»

«አራተኛው ዓመት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተመድቦለታል።»

«ሁለት ሰዓት ብቻ? ከዓላማዎቹ በየትኛው ውስጥ ነው?»

«አምስተኛው ውስጥ ይካተታል» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ፍራው ቦልዝ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጸሎተኛ፣ አቧራ ከሰይጣን እኩል የሚጠሉ አሮጊት ናቸው። በዚያ አገር ኬርቮኸ የሚባል ሥርዓት አለ። ተራህ የደረሰ ሳምንት በርህ ላይ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ይንጠለጠላል፤ ያን ሳምንት ደረጃውን ከላይ እስከ ታች የምትጠርግ አንተ ነህ። የመጀመሪያ ቀን ጠርጌ ስጨርስ ነጭ ጨርቅ ይዘው ወጡ፤ የመጨረሻዋን ደረጃ ጥግ በጨርቁ ጠረግ አድርገው አሳዩኝ።

«ሄር ይትባረክ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«አቧራ ነው ፍራው ቦልዝ።»

«የማን አቧራ ነው?»

ጥያቄው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ራሱ የጠየቀኝ መሰለኝና «ሁለተኛ አጀንዳ» ብዬ በአማርኛ አጉተመተምሁ። «ቢተ?» አሉ፤ ምን አልህ ማለታቸው ነው። «እንደገና እጠርጋለሁ አልሁ» አልኋቸው።

ክፉ ሰው ግን አይደሉም። አንድ እሑድ ሻይ ጠርተውኝ ከመሳቢያቸው አረንጓዴ ፋይል አወጡ። የራሳቸው ቀብር ነው። ሳጥኑ ተመርጧል፣ መዝሙሮቹ ተጽፈዋል፣ አበባው ተወስኗል፣ የሚያነሣቸው ድርጅት ፈርሟል። «ማንንም ማስቸገር አልፈልግም» አሉኝ በኩራት። እንባዬ መጣ። ማንንም አለማስቸገር! እኛ አገር ሰው ሲሞት መንደሩ ካልተቸገረ ሰውዬው ኖሯል ይባላል? እሳቸው ግን እንባዬን እንደ አድናቆት ቆጥረው ኬክ ጨመሩልኝ።

አራተኛው ዓመት ደረሰ፤ ሁለቱ ሰዓት ደረሰ። አራት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ነው፤ ያን ጠዋት ሸሚዜን ተኩሼ ነው የሄድሁ። የሚያስተምረን የዘሚናሩ መምህር አልነበረም፤ ቀብር የሚያስፈጽም ድርጅት ያለው ክራባት ያሰረ ሰው ነው። የሳጥን ሥዕሎች አሳየን፤ ቅጾች አደለን። ሬሳ ከሚጭነው መኪና ፊት መሄድ እንጂ ኋላ መሄድ እንደማይገባ ነገረን። እጄን አወጣሁ።

«መቃብር ቦታ የከለከሉ እንደሆነስ?»

«መቃብር የሌለው ከተማ የለም።»

«ከተማው አለው፤ ለእናንተ የለም ያሉ እንደሆነ ነው የምለው።»

«የይግባኝ ማመልከቻ ይጻፋል። በአራት ሳምንት መልስ ይሰጣል።»

«ሬሳውስ?»

«ማቀዝቀዣ አለ» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወባ የገደላት ሴት፣ የሚያዝያ የባሕር ዳር ፀሐይ፣ አራት ሳምንት! «ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ምንድን ነው የሚባለው?» ብዬ ልጠይቅ ነበር። ደወሉ ተደወለ።

በዚህ ሁሉ መካከል ደብዳቤ ይመላለስ ነበር። እኔ የምጽፈው ለጋሽ ዲንሳ ነው፤ እሳቸውም ደብዳቤ ስለሚከፈት ስለ አየር ጠባይ ይጽፋሉ። «ደመናው ከብዷል» ማለት ሰው ታስሯል ማለት ነው። አንድ ጊዜ «እኔም ለስድስት ወር ዝናብ ይዞኝ ነበር፤ ወጥቻለሁ፤ ደረቴ ላይ ብርዱ ቀርቷል» ብለው ጻፉ። ዲፕሎማዬን በያዝሁ ሰሞን ደግሞ የካርቱሙ ሚሲዮን ጻፈልኝ፤ በመጣሁበት መንገድ አገር ቤት የሚያስገባ ሰው አለ፤ ብዙዎች ገብተዋል፤ ና አለኝ። ሻንጣዬን አወረድሁ።

ያኔ ሄር ዶክተር ክላይን ጠሩኝ። «ዓላማዎቻችንን ከአምስት ወደ ሰባት ልናሳድጋቸው ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ድምፅ ያስፈልገናል። አንድ ዓመት ቆይተህ ከኮሚቴው ጋር ትጽፋለህ?» አሉ። ጠረጴዛ ሰጡኝ። መስኮት ያለው ክፍል ሰጡኝ። ለካርቱም «ከዓመት በኋላ» ብዬ ጻፍሁ። ፈርቼ ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም፤ መተማን ፈራሁ፣ እስርን ፈራሁ፣ ያን ድንጋያማ ቦታም ፈራሁ፤ ጠረጴዛው ደግሞ ሞቀኝ። ስድስተኛውን ዓላማ እኔ ጻፍሁት፤ «ሙታኑን የሚቀብር» ብዬ። ኮሚቴው ሦስት ስብሰባ ተቀምጦበት «ሰዎችን በሕይወት መሸጋገሪያ ወቅቶች የሚያጅብ» ብሎ አሻሻለው። አንዱ ዓመት ሁለት ሆነ።

በሁለተኛው ዓመት ከውድነሽ አጭር ደብዳቤ መጣ። «እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከስልኩ አጠገብ ሁን። ሊያናግርህ የሚፈልግ ሰው አለ» ይላል። ጋሽ ዲንሳ ናቸው ብዬ ደስ አለኝ። ለመዘግየቴ የማቀርበውን ሰበብ ሁሉ በሦስት ነጥብ ከፋፍዬ አዘጋጀሁ። የፍራው ቦልዝ ስልክ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ከሰባት ሰዓት ጀምሬ አጠገቡ ቆምሁ። ጮኸ።

«ይቱ፣ ትሰማኛለህ?» አለች ውድነሽ። «ጋሽ ዲንሳ ዐርፈዋል። ወሩን ደፍኗል። ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ።»

ሌላ የምጠይቀው ነገር አልመጣልኝም። «ማን ቀበራቸው?» አልሁ።

«እዚህ አጠገቤ ናቸው፤ ራሳቸው ይንገሩህ።»

ስልክ ይዘው ስለማያውቁ ከዘጌ ወደ ጀርመን የሚጣሩ ይመስል ጮኹ። «ይትባረክ!»

«አቤት አባባ!»

«ያነን ሰውየህን የቀበርሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? እንዴት አድርገው?»

«አንተ በሄድህ በዓመቱ ልረግመው ሄድሁ። ልጄን የት አደረስኸው ልለው። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። እንዲህ ያለ ሰው ይረገማል? ደብዳቤህን አውጥቶ አነበበልኝ። ከዚያ ወዲያ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ጎራ እል ነበር። ደብዳቤ ከመጣ ያነብልኛል፤ ካልመጣ የድሮውን ይደግመዋል።»

ስድስት ዓመት ለጋሽ ዲንሳ እጽፋለሁ ብዬ የጻፍሁትን ሁሉ አባቴ ሰምተውታል።

«ከናንተ ሰዎች አራት መጡ» አሉ አባቴ፤ «የቀሩት ተበትነዋል። ከሚስቱ አጠገብ ነው፤ እዚያው ድንጋዩ ላይ። አውርደውት ዝም ብለው ቆሙ። ምን ይሆናል ዝም ብሎ? ዳዊት ደገምሁለት።»

«ቀበሌው ዝም አለዎት?»

«ያ ሊቀ መንበር መጣ እንጂ። አጀንዳው ምንድን ነው አለኝ። ዳዊት ነው አልሁት። ሁለተኛስ ቢለኝ፣ ዳዊት መቶ ሃምሳ ነው፤ ተቀመጥና ሁለተኛውን ጠብቅ አልሁት። ተቀመጠ። ሦስተኛው ላይ ተነሥቶ ሄደ።»

ሳቄ መጣ፤ ሲወጣ ግን ለቅሶ ሆኖ ወጣ። «ካህናቱስ ምን አሉዎት አባባ?»

«ያሉትን አሉ። እስከ ፋሲካ ከማኅሌት አግደውኛል። መናፍቅ ነው አሉ። አዎን፣ መናፍቅ ነው፤ ግን ሞቷል አልኋቸው።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተስ? ተማርህ ወይ?» አሉ።

«ተማርሁ አባባ።»

«ምን ተማርህ?»

ሰባቱ ዓላማዎች ምላሴ ላይ ተሰለፉ። ከነሱ ሌላ ምንም አልነበረኝም። «ቃሉን በጥልቀት ማወቅ…» ብዬ ጀመርሁ።

«እሱንማ ይዘኸው ነው የሄድህ» አሉ። መስመሩ ሸሸሸ አለ። የሄዱ መሰለኝ። ከዚያ «እኔ የምልህ ይትባረክ» አሉ፣ «አንተን እዚያ ማን ይቀብርሃል?»

ልመልስ አፌን ስከፍት ውድነሽ ገባች። «ይቱ፣ ተቆጣጣሪው መጣ፤ ደቂቃው አልቋል» አለች፤ ተቋረጠ።

እጀታውን መልሼ ሰቀልሁ። ፍራው ቦልዝ የክፍላቸውን በር ገርበብ አድርገው አዩኝ። «ሰው ሞተብህ?» አሉ። አዎን አልሁ። ክንዴን ያዝ አድርገው «አዝናለሁ» አሉ፤ ከልባቸው ነው። ከዚያ ክፍሌ በር ላይ የተንጠለጠለውን የተራ ሰሌዳ አየት አደረጉና «ደረጃው እስከ ማታ ቢቆይም ግድ የለም» አሉኝ። ለእሳቸው ይህ ትልቅ ምሕረት ነው።

እኔ ግን መጥረጊያውን አነሣሁ። ከላይኛው ደረጃ ጀመርሁና ለእትዬ ጫልቱ የነፈግሁትን፣ ለጋሽ ዲንሳ ያላደረስሁትን፣ አባቴ በልጅነቴ በጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው ያስደገሙኝን ዳዊት ቀስ ብዬ መድገም ጀመርሁ። አንድ ደረጃ፣ አንድ መስመር። አራተኛው ደረጃ ላይ ጠፋኝ። ቆሜ አሰብሁ፤ ዜማው አለ፤ ቃሉ የለም። በዕብራይስጥ ይመጣልኛል፤ በጀርመንኛም ይመጣልኛል፤ አባቴ የሰጡኝ ግን የለም። ፍራው ቦልዝ በበራቸው ስንጥቅ ያዩኛል፤ የደረጃው ጥግ ላይ አቧራ የቀረብኝ መስሏቸው ይሆናል። ወደ ላይኛው ደረጃ ተመልሼ ከመጀመሪያው ጀመርሁ።